ብየዳ ቤት የቀደመችኝ

እኔ በእንዲህ ዓይነት ነገር የማምን ሰው አይደለሁም፣ ይህን አስቀድማችሁ ያዙልኝ። ሰው «በሌለሁበት ታየሁ» ሲል ስሰማ እንቅልፍ አጥቶ ነው ብዬ የማልፍ፣ ንፋስ መውጫ ውስጥ አንድ የቴክኒክ ኮሌጅ ኮምፒውተር የማስተምር፣ አልሠራ ያለ ነገር ካለ ወይ ገመዱ ነው ወይ መብራቱ ነው የምል ሰው ነኝ። ይህን የምነግራችሁም ባለቤቴ ደረጀ «ድካም ነው መሲ፣ ትንሽ ተኚ» እያለ ስላቃጠለኝ ነው፣ ቢያንስ አንድ ሰው ሳያቋርጠኝ እስከ መጨረሻው ይስማኝ።

ነገሩ የተጀመረው በአንድ ሳጥን ነው። ኮሌጃችን መጋዘን ውስጥ አሮጌ ኮምፒውተሮች ተቆልለው ነበር፣ ውስጣቸው ደህና ነው፣ የውጭ ሳጥናቸው፣ ኬዛቸው ግን ግዙፍ፣ የተጨራመተ፣ አይጥ የተራባበት። ዲናችን ቦታ ያዙብኝ ብለው ከቁርጥራጭ ብረት ጋር ሊያስወጧቸው ወስነዋል። እኔ ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ አርብ ገበያ ወደምትባለው ከተማ እየወረድኩ አንድ ትምህርት ቤት ልጆች አስተምራለሁ፣ እዚያ ግድግዳ ላይ ቴሌቪዥን አለ፣ ኮምፒውተር የለም፣ ኪቦርዱን ወረቀት ላይ ሥዬ ነው ጣታቸውን የማስለምዳቸው፣ ልጆቹ ወረቀት ላይ ሲተይቡ ስታዩ ትስቃላችሁ ወይም ታለቅሳላችሁ። እናም የአሮጌዎቹን ሆድ ዕቃ አውጥቼ ቦርሳ ውስጥ የሚገባ ትንሽ ኬዝ ውስጥ ብከተው፣ እዚያ ወስጄ ከቴሌቪዥኑ ጋር ባገናኘው አልኩ። ላፕቶፕ አይሻልም ወይ የምትሉኝ ካላችሁ፣ እባካችሁ ተዉኝ፣ ይህን ጥያቄ የጠየቀኝ ሰው ሁሉ ላፕቶፕ አልሰጠኝም። ዲኑ «እሺ፣ ከክልል እንግዶች ሳይመጡ አንድ የሚሠራ አሳዪኝ፣ ካልሆነ ሁሉም ይወጣሉ» አሉኝ።

ትንሽ ኬዝ መንደፍ ቀላል የሚመስለው ላልሞከረው ነው። ካርቶን ቆርጬ፣ በፕላስተር አጣብቄ፣ ዋናውን ሰሌዳ፣ ማዘርቦርዱን ከታች፣ ኤሌክትሪኩን የሚያከፋፍለውን ፓወር ሰፕላይ ከላዩ አስተኛሁት፣ ከጫማ ካርቶን አይበልጥም፣ ያምራል። ጋሽ ሙላት ዘንድ ወሰድኩት። ጋሽ ሙላት በርና መስኮት የሚበይዱ ሽማግሌ ናቸው፣ ለእሳቸው ዓለም ላይ ያለው ነገር ሁሉ በር ነው።

«ማጠፊያው በየት በኩል ይሁን? ቁልፍስ ላድርግበት?» አሉኝ።

«ጋሽ ሙላት፣ በር አይደለም፣ ኮምፒውተር ነው የሚገባበት።»

«ከተገባበትማ በር ነው።»

ላሜራውን መቁረጥ ሲጀምሩ መብራት ጠፋ፣ መብራቱ ሲመጣ እሳቸው ለቅሶ ሄዱ፣ ከለቅሶ ሲመለሱ የአየር ማስገቢያውን በተቃራኒው ጎን በሱት። እንደ ምንም አልቆ ዕቃውን አስገባሁና አበራሁት፣ ሻይ እስኪፈላ እንኳ አልቆየም፣ ጋለና ጠፋ። የፓወር ሰፕላዩ ሙቀት መውጫ አጥቶ ማዘርቦርዱ ላይ ይተኛበታል። ክዳኑን ስከፍተው ይሠራል፣ ስዘጋው ይጠፋል፣ ከፈትኩ፣ ዘጋሁ፣ ከፈትኩ፣ ዘጋሁ፣ በመጨረሻ ክዳኑን ግድግዳ ላይ ወረወርኩት። ክዳኑ የማይዘጋ ኬዝ ምኑ ኬዝ ነው? ፓወር ሰፕላዩን በየት ባዞረው እንደሚሻል ሳወጣ ሳወርድ ሰነበትኩ፣ ምንም አልመጣልኝም፣ እንግዶቹ ደግሞ ሊመጡ ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ገና አልወሰንኩምና ሌላ ላሜራ እንዳይቆርጡ ልነግራቸው ወደ ጋሽ ሙላት ሄድኩ። ገና ከበሩ ሳልደርስ ከሥራቸው ቀና ብለው፦

«ምነው ተመለስሽ? አላለቀም እኮ» አሉኝ።

«ምኑ ነው ያላለቀው?»

«ጠዋት ያዘዝሽኝ ነዋ።»

«ጠዋት ክፍል ውስጥ ነበርኩ፣ ጋሽ ሙላት።»

«የት እንደነበርሽ እኔ እንጃ፣ እዚህ ቆመሽ ግን ይህን እዚህ አድርጉት፣ ያን እዚያ አዙሩት እያልሽ ቁም ስቅሌን ስታሳዪኝ ነው የዋልሽው። ሻይ ላስመጣልሽ ብልም አልጠጣም አልሽ።»

እመኑኝ፣ ያኔ ትንሽም አልፈራሁም፣ ተናደድኩ እንጂ። ሳላዛቸው ቆርጠው ሊያሳብቡብኝ ነው አልኩ። የተሠራውን ነጥቄ አየሁት። መሃሉ ላይ የላሜራ ግድግዳ ቆሟል፣ ከግድግዳው ወዲያ ፓወር ሰፕላዩ በጎኑ የሚቆምበት ለብቻው ቦታ ተበጅቶለታል፣ ወለሉ ተበስቶ ከሥሩ አየር እንዲያስገባ አጫጭር እግሮች ተበይደውለታል። ሙቀቱ በአንዱ ክፍል ይወጣል፣ ማዘርቦርዱ በሌላው ይተነፍሳል፣ መጠኑ ደግሞ አንዲት ጣት አልጨመረም። ስባዝንበት የከረምኩት ነገር መልስ እጄ ላይ ነበር። ከራሳቸው አውጥተውት ይሆን ብዬ ቀና ስል፣ እሳቸው ግድግዳውን በመዶሻቸው ጫፍ ነካ እያደረጉ «ይህ ግን ምን ይሠራልሻል? ማድ ቤቱን መለየትሽ ነው?» አሉኝ። ሌላ ደንበኛ ይሆናል እንዳልል ደግሞ፣ ንፋስ መውጫ ውስጥ ከእኔ ሌላ የኮምፒውተር ኬዝ የሚያሠራ ሰው ካለ አምጡልኝና ልሳመው።

እስኪጨርሱት ቆሜ ጠበቅኩና ቤት ወስጄ ገጣጠምኩት፣ የቀድሞውን የተጣመመ ክዳን በግድ ጫን ብዬ ዘጋሁት፣ አበራሁት። እስኪመሽ ሠራ፣ ክዳኑን በእጄ ብዳብሰው ለብ እንኳ አላለም። ደረጀ «እንኳን ደስ አለሽ!» ሲለኝ ጮህኩበት፣ ለምን እንደጮህኩበት እኔም አላውቅም።

ከዚያ ወዲህ ጥቃቅን ነገር በዛ። ብሎን ልገዛ ስሄድ ባለሱቋ «አሁን ወሰድሽ አይደል? ጣልሽው እንዴ?» ትለኛለች። ደረጀ ሳሎን ተቀምጦ ቁልፌ በር ላይ ሲንኮሻኮሽ፣ የጫማዬን ጭቃ ደጃፉ ላይ ሳራግፍ ይሰማና ሊከፍት ይወጣል፣ ማንም የለም፣ እኔ የምደርሰው ከዚያ በኋላ ነው። ይህንንም የሚነግረኝ እየሳቀ ነው፣ ከዚያ መልሶ «ድካም ነው» ይላል። የእኔ ድካም በአንተ ጆሮ ነው እንዴ የሚሰማው? አልኩት።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ክረምት ነበር፣ ገና አልመሸም፣ ግን ጉሙ ወርዶ ከተማውን ውጦታል፣ ባጃጆቹ በቀን መብራት አብርተው ነው የሚሄዱት። ለኬዙ ደህና ክዳን እንዲሠሩልኝ ብዬ ሄድኩ፣ የቀድሞውን እንደወረወርኩት ነግሬያችኋለሁ፣ ጠርዙ ተጣሞ አልገጥም እያለ ነበር። መብራት ስለጠፋ ብየዳ የለም፣ የብረት መቁረጫው የግራይንደር ጩኸት የለም፣ ሰፈሩ ፀጥ ብሏል፣ ከቆርቆሮው ላይ የሚንጠባጠበው ውሃ ብቻ ነው የሚሰማው። የጋሽ ሙላት በር ገርበብ ብሏል። ልገፋው እጄን ስዘረጋ ከውስጥ የሴት ድምፅ ሰማሁ።

«ከዚህ እስከዚህ ይሁን። ኧረ በደንብ ይያዙት፣ ጋሽ ሙላት!»

ሰው የራሱን ድምፅ በስልክ ተቀድቶ ሲሰማው ደስ አይለውም አይደል? ቀጠን ይላል፣ የሌላ ሰው ይመስላል፣ ግን የራሱ መሆኑን አይስተውም። ልክ እንደዚያ ነበር። ያቺ ስናደድ የምላት «ኧረ» እንኳ የእኔ ናት፣ ተማሪዎቼ ከኋላዬ እየተቀባበሉ የሚስቁባት። አንዱ ቀልደኛ ቀድቶኝ ይሆናል ብዬ ጆሮዬን አስጠጋሁ፣ የተቀዳ ድምፅ ግን ሲጠይቁት አይመልስም።

«ይቺስ ሳጥን እጅግ አነሰች» አሉ ጋሽ ሙላት፣ «ምን ሊገባባት ነው?»

«ልኩን ብቻ ይያዙልኝ።»

«ቀዳዳ የላት፣ ክዳን የላት። አየር ከየት ታገኛለች?»

«አየር አያስፈልግም» አለች፣ ረጋ ብላ።

ሮጥኩ ልበላችሁ? አልሮጥኩም፣ ደሜ ነው የፈላው፣ በእኔ ድምፅ፣ በእኔ ስም የምታዝ ማን ናት ብዬ «ቤቶች!» ስል ጮህኩና በሩን ገፋሁት።

አሁን የምላችሁን በዓይኔ ነው ያየሁት። ጋሽ ሙላት ጀርባቸውን ለግድግዳ ሰጥተው ቆመዋል፣ የሚጠቀለለውን ሜትር አንዱን ጫፍ ይዘዋል፣ ሜትሩ ከእጃቸው ክንድ ያህል ወጥቶ ቀጥ ብሎ ተወጥሯል፣ የወዲያኛውን ጫፍ የያዘው ሰው የለም። አየር ላይ፣ በእኔ ደረት ቁመት፣ ቆሟል። ዓይኔን ሳርገበግብ ጫፉ ተለቀቀ፣ ላሜራውን እየገረፈ ተጠቅልሎ እጃቸው ውስጥ ገባ። ሽማግሌው ደነገጡና እጃቸውን አራገፉ። መጀመሪያ ባዶውን ቦታ አዩ፣ ከዚያ እኔን በሩ ላይ አዩ። የዚያ ቤት መውጫ እኔ የቆምኩበት በር ብቻ ነው።

«በየት ዞርሽ?» አሉኝ።

«ማን ነበር እዚህ?»

«አንቺ ነሻ!»

«እኔ አሁን ነው የመጣሁት፣ ጋሽ ሙላት፣ ይዩኝ እስቲ፣ ነጠላዬ በዝናብ ርሷል።»

ነጠላዬን በጣታቸው ነክተው አዩት። ፊታቸው አመድ መሰለ። «ያቺ ደረቅ ነበረች» አሉ። ከዚያ በስመ አብ ብለው አማተቡ፣ መሣሪያቸውን ሳይሰበስቡ፣ ሱቁን እኔ እያገዝኳቸው ዘጉና ጉሙ ውስጥ ገቡ። በማግሥቱ ጠበል ተጠምቀው ሱቁንም አስረጩት፣ ለእኔም በጠርሙስ ላኩልኝ፣ ደረጀ ደግሞ ጠርሙሱን አይቶ ሳቀ።

እንግዶቹ መጡ። ኬዙ ቀኑን ሙሉ ሠራ፣ ዲኑ በእጃቸው አንስተው እያገላበጡ «እንዴት አሰብሽው?» ሲሉኝ ሁሉም አጨበጨበ፣ እኔ ምን ልበል? ኮምፒውተሮቹ ተረፉ፣ አሁን በዚያው ንድፍ እየተሠሩ ነው፣ አርብ ገበያም ሁለት ደርሰዋል፣ ልጆቹ ወረቀቱን ትተው እውነተኛውን ኪቦርድ እየቀጠቀጡት ነው። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ጋሽ ሙላት ግን «ከመምጣትሽ በፊት ደውይልኝ» የሚል ሕግ አውጥተውብኛል፣ ኔትወርኩ ደግሞ አይሠራም፣ ሳልደውል ከሄድኩ ነጠላዬን ሳይነኩ አያናግሩኝም። የምሬን ነው፣ በዝናብ ካልሆነ ደግሞ አያምኑኝም።

ባለፈው ሰሞን ደብረ ታቦር ለመምህራን ሥልጠና ተጠራሁ። በማለዳ መናኸሪያ ሄድኩ፣ ረዳቱ «አንድ ሰው የቀረው! አንድ ሰው!» እያለ ይጮሃል፣ ሮጬ እግሬን ሳነሳ ክንዴን ያዘኝ። ፊቴን አየ፣ ዞሮ ወደ ውስጥ አየ፣ እንደገና እኔን አየ።

«አንቺ ገብተሽ ተቀምጠሽ አልነበር?» አለኝ።

መስታወቱ በሰው ትንፋሽ ደብዝዟል፣ የኋላውን ወንበር ማየት አይቻልም። ከዚያ በኩል አንዲት ሴት ስልችት ባለ ድምፅ «ኧረ እንሂድ!» አለች።

እግሬን አወረድኩ። «ሂዱ» አልኩት፣ «እኔ ሌላ መኪና እጠብቃለሁ።» በሩን ዘጋና ሄዱ። ሌላ መኪና አልጠበቅኩም፣ ወደ ቤቴ ተመልሼ በሩን ቆልፌ ዋልኩ፣ ሥልጠናው ላይ ሳልገኝ ቀረሁ።

እስካሁን ለምን ቀረሽ ያለኝ ሰው የለም።