የኤልታን መርዝ የጠጣው

የዘላምር ምድር እናት የምትባለው የኤልታ ወንዝ እንደ ደም ቀልታ አደረች። ሲነጋ ዓሦቿ ሆዳቸውን ወደ ሰማይ ገልብጠው ተንሳፍፈው ታዩ። ሽማግሌዎቹ ምልክቱን አይተው አለቀሱ፤ ወንዟን ከጥንት ጀምሮ የሚጠብቃት ዘንዳር የተባለው ባለቅርፊት አውሬ ሊሞት ነው ማለት ነበር።

ናህሊት የተባለች ወጣት ግን ወንዟ የቀላችበትን ምክንያት ታውቃለች። በተራራው ላይ ያለው የንጉሡ ብረት ማቅለጫ ዝቃጩን የሚለቀው ወደ ኤልታ ነው። እሷና ታላቅ ወንድሟ ዳምራ ከዓሣ አጥማጆችና ከልብስ አጣቢዎች ጋር የወንዝ ማኅበር አቋቁመው፣ ያንን ዝቃጭ በአካፋ ሲዝቁ ከርመዋል። ማታ ያጸዱት ዳርቻ ጠዋት ቀልቶ ይጠብቃቸዋል። ቢቸግራቸው ንጉሥ ኬልዮን ፊት ቀረቡ።

«ግርማዊ ሆይ፣ ልጆቻችን እያለቁ ነው፤ የማቅለጫውን እሳት ያስጠፉልን» አለች ናህሊት ተንበርክካ።

«ጠላት ሲመጣ በምን ልትመክቱት ነው? በውኃ?» ብሎ ንጉሡ ሳቀ። መኳንንቱም አብረውት ሳቁ።

የቀረው ተስፋ ዘንዳር ብቻ ነበር። ወንድምና እህት በማኅበርተኞቻቸው ፊት «ኤልታ ሳትጠራ ብንመለስ ምድር አትሸከመን!» ብለው ምለው ተነሡ። መንገደኛን በስሙ እየጠራ የሚያስተውን የጉም ሸለቆ ተሻገሩ። ክንፋቸው እንደ ምላጭ የሚቆርጥ አሞሮች ሲወርዱባቸው ዳምራ እህቱን ከለላት፤ ትከሻው ተተለተለ።

ዘንዳርን ወንዟ ከማቅለጫው ሥር በምታልፍበት ዋሻ ውስጥ አገኙት። አካሉ አብጦ፣ ከቅርፊቱ ሥር ቀይ መግል ይንጠባጠባል።

«ዘግይታችኋል» አለ በደከመ ድምፅ። «ይህን ሁሉ ዘመን መርዙን የምጠጣላችሁ እኔ ነበርሁ። አሁን ሞላሁ። የሚተካኝ ካለ እዚህ ውኃ ገብቶ ሥጋዬን ይለብሳል፤ ከዚህ ዋሻም አይወጣም።»

ናህሊት ወደ ውኃው ተንደረደረች። ዳምራ ክንዷን ያዛት።

«ልቀቀኝ ወንድሜ!»

«አንቺ ንጉሥ ፊት ቆመሽ መናገር ትችያለሽ። እኔ አፌ አይፈታም፤ ጉልበት ብቻ ነው ያለኝ። ውረጂና ንገሪያቸው» አላትና ወደ ኋላ ገፍትሯት ገባ።

ብቅ ሲል አንገቱ ቅርፊት አብቅሏል። ስሟን ሊጠራ አፉን ከፈተ፤ የወጣው ግን የአውሬ ማጓራት ነበር። ናህሊት ድንጋዩን በጡጫዋ ደበደበች፤ ሌላ ምን ታድርግ?

ናህሊት ከተራራው ስትወርድ ኤልታ ጠርታ ነበር፤ ማኅበርተኞቹ በደስታ ከበሮ ሲመቱ ደረሰች። የሆነውን ስትነግራቸው ከበሮው ቆመ። ማኅበርተኞቹ በሙሉ ተከትለዋት ቤተ መንግሥቱን ከበቡ። ንጉሡ በሰገነቱ ብቅ ብሎ ወንዟን ተመለከተ።

«ውኃው መስተዋት መስሏል፤ ታዲያ ምን ጎደላችሁ?» አለ። ከዚያም ወደ ሹማምንቱ ዞሮ «እንግዲያስ ሁለተኛ ማቅለጫ ይሠራ» ሲል አዘዘ።

«እዚያ ውስጥ ወንድሜ አለ!» ብላ ጮኸች ናህሊት። ሰገነቱ ባዶ ነበር።

ክረምቱ ሲወጣ ከተራራው ላይ ሁለት ጭስ ተነሣ። ኤልታ እንደጠራች ትፈስሳለች። ናህሊት ዳርቻዋ ላይ ተቀምጣ ውኃ በእፍኟ ቀዳች። አጠገቧ እንስራዋን የምትሞላ ጎረቤቷ «ጠጪ እንጂ የኔ ልጅ፤ እንዴት ይጣፍጣል መሰለሽ!» አለቻት። ናህሊት እፍኟን ወደ አፏ አስጠግታ ቆየች። ውኃው ሳትቀምሰው በጣቶቿ መካከል ፈስሶ አለቀ።