የነጩ በሬ መጨረሻ

ሁለት ክረምት ዝናብ አልመጣም። መጀመሪያ ባቄላው ደረቀ፣ ቀጥሎ ኩሬው። ላሞቹ እሾሁ የተለበለበ ቁልቋል በሉ፤ ከዚያ እነሱም አለቁ። የኢራሲ አባት ሥራ ፍለጋ ወደ ሩቁ ትልቅ ከተማ፣ ወደ ሳኦ ፓውሎ ሄደ።

ኢራሲ ያኔ ሰባት ዓመቷ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ሽማግሌው ገጣሚ አባባ ቤላርሚኖ ስስ የግጥም መጽሐፎቻቸውን እንደታጠበ ልብስ ገመድ ላይ አስጥተው ለገበያተኛው ጮክ ብለው ያነቡ ነበር። ታሪኩ ልብ ሲሰቅል ቀጥ ይላሉ። መጨረሻውን የፈለገ ይገዛል። ኢራሲ መግዣ አልነበራትም። አንድ ቅዳሜ ሰው ሲበተን ብቻዋን ቆማ ቀረች። ሽማግሌው ጎንበስ ብለው መጨረሻውን በጆሮዋ ነገሯት።

«ዕዳ አለብሽ» አሏት። «አንድ ቀን አንቺም አንድ መጨረሻ ትሰጪኛለሽ።»

አሁን አሥራ አምስት ሞልቷታል። የደብተሯ የኋላ ገጽ ላይ ዕቅዷ ተጽፏል፦ እስከ ሃያ ዓመት መጻፍና መሰረዝ፣ ለማንም አለማሳየት። በሠላሳ የራሷ መጽሐፍ። ከሰዓት በኋላ የውኃ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጣ ዓይኗን ስትጨፍን የመጽሐፎቹ ገመድ ይታያታል፤ ነፋስ ገጾቹን እንደ ርግብ ክንፍ ያርገበግባቸዋል፣ አንዱ ላይ ስሟ አለ።

በዚህ ቅዳሜ አባባ ቤላርሚኖ ዓይናቸው ስለደከመ በቃላቸው ያወርዱ ነበር። በታሪኩ ዝናብ ፍለጋ የወጣው ነጭ በሬ ከደመናው በር ደረሰ። ሽማግሌው ትረካውን እዚያው አቆሙ።

«አባባ፣ በሬው በሩ ላይ ከቆመ ወር ሆነው እኮ» አለች አይብ ሻጯ ዜፋ። «እግሩ አልደነዘዘም?»

ሰው ሳቀ።

«መጨረሻው ማተሚያ ቤት ነው» አሉ ሽማግሌው።

«ባለፈውም እንደዚሁ ብለውናል። እንግዲህ እኛም አንመጣም።» ዜፋ ቅርጫቷን አነሣች። ሌሎቹም ዞር ዞር አሉ።

ኢራሲ ጠጋ አለች። «እውነት ማተሚያ ቤት ነው?»

«የለም፣ ልጄ። መጨረሻው አልመጣም ብሎ እምቢ አለኝ።»

መጨረሻው ደብተሯ ውስጥ ነበር። በሬው ቆሞ መቅረቱ እንቅልፍ ነስቷት ማክሰኞ ጽፋዋለች፤ ገና አልሰረዘችውም። ደብተሩን ስታወጣ በኋላው ገጽ ተከፈተ። «ሃያ» የሚለውን ጥቂት አየችና ገለጠችው።

«አባባ፣ ዕዳዬን ይዣለሁ። በጆሮዎ ልንገርዎት?»

ሽማግሌው የመጽሐፍ ሣጥናቸው ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ።

«ጆሮዬ ደህና ነው» አሉ። «ጮክ በይ፤ ዜፋም ትስማ።»

ኢራሲ ደብተሯን ከፍ አድርጋ ማንበብ ጀመረች።

«በሬው አንድ እግሩን አነሣ…»

ዜፋ ቅርጫቷን መልሳ አስቀመጠች።