የሰዓቱ መሙያ

«ይሄም አይደለም» አለች ሚጢጢ፣ ኮምፒውተሩ ላይ የከፈተችውን የሳተላይት ምስል እየዘጋች።

ወንድሟ ከአባታቸው ጋር ተጣልቶ፣ ኮሌጁን ትቶ ከቤት ከወጣ ሦስተኛ ሳምንቱ ነው። በሰሜኑ መስመር አውቶቡስ ሲሳፈር ጎረቤት አይቶታል። ከዚያ ወዲህ የላከላት አንድ ፎቶና አንድ መልእክት ብቻ ነው፤ «ሚጢጢዬ፣ እርሻ ላይ ሥራ ይዣለሁ። ደህና ነኝ። ስረጋጋ እደውላለሁ፤ እስከዚያ ፋዘር እንዳይመጣብኝ።» የመጨረሻዋን ቃል ለአባቷ አላነበበችለትም።

ፎቶው ላይ ወንድሟ ፈገግ ብሏል። ከኋላው ኮረብታ አለ። ከኮረብታው ፊት ክብ የውሃ ታንከር፣ ከታንከሩ በስተግራ ሰባት ዛፎች፣ በስተቀኝ የአፈር መንገድ ይታያል። በትምህርት ቤቷ የጂኦግራፊ ክበብ እንደተማረችው፣ እነዚህኑ ከሰማይ በተነሳው ምስል ላይ አንድ በአንድ ስትፈልግ ዓይኗ ፈዘዘ። ታንከርም ሰባት ዛፍም ያለበት አንድ ቦታ አግኝታ ነበር። ነገር ግን ወደ ኮረብታው ዞሮ ለሚያይ ዛፎቹ ከታንከሩ በስተቀኝ ስለሆኑ ትታው አለፈች።

አባቷ ከሰዓት መጠገኛ ጠረጴዛው ተነስቶ መጣ። የልጁን ስም ላለመጥራት የማለ ሰው፣ ፎቶውን ግን በየቀኑ ሰበብ ፈልጎ ያያል።

«እስቲ አሳዪኝ።» ማጉያውን ዓይኑ ላይ ሰክቶ ስልኳ ላይ አጎነበሰ። «ይሄን እጁ ላይ ያሰረውን ሰዓት ፈትቼ የገጠምኩት እኔ ነኝ። መሙያው በቀኝ ነው፤ እዚህ በግራ ሆኗል። ቁጥሮቹም ተገልብጠዋል። ፎቶሽ ውሸታም ነው።»

ሚጢጢ ክው አለች። ወንድሟ ራሱን ያነሳው በስልኩ የፊት ካሜራ ነው፤ ይሄ ካሜራ ደግሞ እንደ መስታወት ግራና ቀኙን ቀያይሮታል። ፎቶውን ገልብጣ ወደተወችው ቦታ ተመለሰች። ታንከሩ፣ መንገዱ፣ ዛፎቹ፣ ሁሉም ገጠመ። ደስታዋ ግን ብዙ አልቆየም፤ የመልእክቱ መጨረሻ ትዝ አላት።

«አገኘሽው?» አባቷ በአንድ እግሩ ቆሟል፤ አንዱን ጫማ አጥልቆ ሌላውን ይፈልጋል። «አሁኑኑ ሄጄ ጆሮውን ይዤ ነው የማመጣው።»

አላገኘሁም ብትል ነገሩ ያበቃ ነበር። መዋሸቱ ግን አስጠላት። ኮምፒውተሩን ዘጋችው።

«አግኝቼዋለሁ አባዬ። ግን እሱን ሳልጠይቅ አልናገርም። እንዳይመጣብኝ ብሎኛል። ሳላስፈቅደው የፈለግኩት እኔ ነኝ።»

ቁጣውን ጠበቀች። አባቷ የተዘጋውን ኮምፒውተር ትክ ብሎ አየና፣ ጫማውን አውልቆ ወደ ጠረጴዛው ተመለሰ።

«ስትጽፊለት» አለ፣ ፊቱን ሳያዞር፤ «ያ ሰዓት በየጠዋቱ ካልተሞላ ይቆማል በይው።»

ሚጢጢ ስልኳን አነሳች። «ይቅርታ፣ ያለህበትን አውቄያለሁ። ለማንም አልተናገርኩም» ብላ ጻፈች። ከሥሩ የአባቷን ቃል እንዳለ ጨመረችበት።