ትርንጎ የምትዘላት ገጽ

ጣና ሐይቅ ዳር ትርንጎ የምትባል ልጅ አለች። አንድ መጽሐፍ ትወዳለች፤ ስትወደው ደግሞ ለጉድ ነው!

መጽሐፉ ውስጥ አንዲት ጎበዝ ሴትዮ አለች። ካያክ በምትባል ቀጭን ጀልባ ሰፊውን ባሕር ብቻዋን ትቀዝፋለች።

ማታ ማታ አባቷ ያነብላታል። ትርንጎም አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ አብራ ትቀዝፋለች።

«ቸብ! በቀኝ። ቸብ! በግራ። ሩቅ ነው፤ ግን እንደርሳለን!»

አንዲት ገጽ ላይ ግን ማንም አይቀዝፍም። ሴትዮዋ ድንኳኗ ውስጥ ቁጭ ብላለች፤ በቃ።

«ይቺን ዝለላት አባዬ፣ ታሰለቻለች!» ትላለች ትርንጎ። አባቷም ይዘላታል።

አንድ ቀን አባቷ እየሮጠ መጣ። «አክስትሽ እናኑ ወንድ ልጅ ወለደች! ነገ በታንኳችን ደሴቷ ድረስ ሄደን እናየዋለን።»

«እኔም እቀዝፋለሁ?»

«ትቀዝፊያለሽ እንጂ!»

ታንኳቸው ሐይቁ ዳር ከሚበቅል ደንገል የተሠራች ናት። ሥራዋን ስትጨርስ ከውሃ ትወጣና ሾላ ዛፍ ተደግፋ እስክትደርቅ ፀሐይ ትሞቃለች።

የዚያን ዕለት ግን ትርንጎ ዳር ላይ በታሰረችው ታንኳ መለማመድ ፈለገች። አባቷ አጠገቧ መረቡን ይጠግናል።

«ስትጨርሺ ንገሪኝ፤ አውጥተን እናቆማታለን» አላት።

ትርንጎ ግን አልነገረችውም። «ውሃው ላይ ትደር፤ ጠዋት ቶሎ እንድንሄድ» ብላ አሰበች።

ሲነጋ ታንኳዋ ግማሽ አካሏ ሰጥሟል። አባቷ ቢስባት፣ ቢስባት፣ እምቢ አለች!

«ውሃ ስትጠጣ አድራለች» አለ አባቷ።

«እኔ ነኝ አባዬ። ቶሎ እንድንሄድ ብዬ ነው።» የትርንጎ እንባ ዱብ ዱብ አለ።

አባቷ አልተቆጣም። እቅፍ አደረጋት። «እስክትደርቅ እንጠብቃለን፣ የኔ ዓለም።»

«ሕፃኑ ቢያድግብንስ?»

«እስከዚያ እንኳ አያድግም» አለ አባቷ።

ሆ! ብለው ጎተቷት። ሆ! ብለው ሾላው ላይ አስደገፏት። ጠብ! ጠብ! ጠብ! አለች ታንኳዋ።

ማታ መጽሐፉን ከፈቱ። ያቺ ገጽ ስትደርስ አባቷ ሊዘላት ሲል ትርንጎ እጁን ያዘችው።

«ቆይ! ሴትዮዋ ለምንድን ነው የማትቀዝፈው?»

አባቷ አነበበላት። «ነፋሱ ኃይለኛ ነው። ካያኬ አሸዋው ላይ ተኝታለች። ዛሬ እንጠብቃለን። ሩቅ ነው፤ ግን እንደርሳለን።»

«እሷም ትጠብቃለች?» ትርንጎ በጣም ገረማት።

«ትጠብቃለች እንጂ! ጠብቃ ነው የደረሰችው።»

ስለዚህ ትርንጎም ጠበቀች። በነጋ ቁጥር ጆሮዋን ታንኳዋ ላይ ትለጥፋለች።

ጠብ! ጠብ! «ገና ነሽ።»

ጠብ… «ገና ነሽ።»

ከዚያ ዝም! «አባዬ፣ ደረቀች!»

መጽሐፉን በፌስታል ጠቅልላ ያዘች። ቸብ! በቀኝ። ቸብ! በግራ። ደረሱ!

ሕፃኑ አላደገም ነበር። እንዲያውም ትንሽዬ ነው! የትርንጎን ጣት ጥብቅ አድርጎ ያዘ።

ሲመሽ ትርንጎ አጠገቡ ተኝታ ሥዕሎቹን አንድ በአንድ አሳየችው። አንዲትም ገጽ አልዘለለችም።

የድንኳኗ ገጽ ላይ ስትደርስ ሕፃኑ አዛጋ።

«አንተም ስታድግ ትቀዝፋለህ» አለችው በሹክሹክታ። «ቀስ ብለህ እደግ፤ እጠብቅሃለሁ።»

ሩቅ ነው፤ ግን እንደርሳለን።