አንቱ ያለ ኩባያ ያጥባል

ሥራ አስኪያጁ ጭንቅላቱን ከኋላ ተመትቶ፣ በቢሮው ምንጣፍ ላይ በደረቱ ተደፍቶ ሞቶ ተገኘ። አጠገቡ ኩባንያውን አብራው የመሠረተችው ሴት ተቀምጣለች። ደም የነካው የመስተዋት ዋንጫ እጇ ላይ ነው። ጸሐፊዋ ከምሳ ስትመለስ የሴትየዋን ጩኸት ሰምታ ስትገባ ያየችው ይህንን ነበር፤ ፖሊሱም ካቴናውን አዘጋጅቶ የመርማሪውን አንድ ቃል ብቻ ይጠብቃል።

ዋንጫውስ ቢሆን! ሁለቱ ከዓመታት በፊት፣ አክሰለሬተር በሚሉት የጀማሪ ኩባንያዎች ማሠልጠኛ አንደኛ ሲወጡ የተሸለሙት ነው። ያኔ አንድ ጠረጴዛና አንድ ኮምፒውተር ነበራቸው። ዛሬ ሕንጻው ሙሉ የእነሱ ነው፤ ሰውየው ግን ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ምሳውን ብቻውን ይበላ ነበር። ሹመት መቼም ወዳጅ ያበዛል ያለው ማነው?

መርማሪውን ባልደረቦቹ «ጆሮ» ይሉታል፤ ከአሻራ ይልቅ የሰው አነጋገር ላይ ያተኩራል።

«ዋንጫውን ለምን አነሡት?» አላት ሴትየዋን።

«ስገባ ሞቷል፤ ዋንጫው ጉንጩ ሥር ነበር። የሚቆረቁረው መሰለኝ። ሞኝ ነኝ አይደል?»

«ተጣልታችሁ ነበር?»

«ከእሱ ተጣልቼ ከማን ጋር ልኖር?» አለችና እንባዋ ቀደማት።

ቀጥሎ የቀረበው ምክትሉ ነው፤ ኩባንያው ካደገ በኋላ የተቀጠረ፣ ክራቫቱ የማይዛነፍ ሰው።

«ከሥራ አስኪያጁ ጋር ስለ ሥራ ተነጋግረን፣ ተመሰጋግነን ተለያየን» አለ። «ስልኬን ረስቼ ስመለስ በሩ ተዘግቷል። ውስጥ ሁለቱ መሥራቾች ብቻ ነበሩ፤ እኔን አላዩኝም። ‹ይቀመጡ እንጂ! ምን አስቆጣዎት?› ሥራ አስኪያጁ አጋራቸውን ሲሏቸው ሰማሁ። ከዚያ ጭቅጭቅ ሆነ። የሰው ገመና ምን አገባኝ ብዬ ሄድኩ።»

«ቃሉ እንደዚሁ ነበር?»

«ቃል በቃል። እምላለሁ።»

ጸሐፊዋ በበኩሏ ለምሳ ወጥታ ስለነበር ማን እንደገባ አላየችም።

«ጠባያቸውስ እንዴት ነበር?» አላት መርማሪው።

«ሁላችንንም አንቱ ነው የሚሉን። ሁለቱም በፊታችን አንቱ ይባባላሉ።»

በመጨረሻ ወሬውን ሰምተው የመጡት፣ ሁለቱን በማሠልጠኛው ያሠለጠኑት ሽማግሌ ተጠየቁ።

«ደንባችን አንድ ነበር» አሉ አሠልጣኙ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «እዚያ ቤት አንቱ ያለ የሁሉንም ኩባያ ያጥባል። እነዚህ ሁለቱ አንድም ቀን አላጠቡ።»

«አሁንስ?»

«አሁንማ ለወጉ ሠራተኛ ፊት ይከባበራሉ። በር ሲዘጋ ያው ናቸው። በቀደም እኔ ባለሁበት ‹አንቺ ጨቅጫቃ፣ አንድ ቀን እንኳ ተሳስቻለሁ በይ!› ሲላት በሳቅ ልሞት።»

መርማሪው ሁሉንም እዚያው ቢሮ ሰበሰበ። ፖሊሱ ከሴትየዋ ኋላ ቆመ።

«እናንተ ዋንጫውን ታያላችሁ» አለ። «እኔን የያዘኝ አንድ ንግግር ነው።» ወደ ምክትሉ ዞረ። «በሩ ተዘግቷል፣ ሁለቱ ብቻ ናቸው፣ እርስዎን አላዩም። ‹ይቀመጡ እንጂ! ምን አስቆጣዎት?› አላት። ቃል በቃል?»

«ቃል በቃል።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ! አሠልጣኙ ብድግ አሉ። «ኧረ ተው! ብቻቸውን ሆነው አንቱ ሊላት?»

«አይላትም» አለ መርማሪው። «እንዲህ ብሎ የሚፈጥር ሰው፣ ሁለቱን በሰው ፊት ብቻ የሰማ ነው። ስለዚህ እርስዎ በዚያ በር ያልሰሙትን ነው የነገሩን። ያውም እሷ እንድትጠረጠር አድርገው። የእርስዎ ቃል ከወደቀ፣ እሷ እንዳለችው የገባችው ከሞተ በኋላ ነው፤ በሕይወት ሳለ አብሮት የነበረው በራስዎ ቃል እርስዎ ነዎት። ምን ሊሸፍኑ ዋሹ?»

የምክትሉ ፊት አመድ መሰለ።

«አንቺ ብሏትም ይሆናል! እኔ ምን አውቄ? እኔን ይህን ሁሉ ዓመት ሳገለግለው አንድ ቀን አንተ ብሎኝ አያውቅም! ከሥራ ሲያሰናብተኝ እንኳ ‹ይቅርታ ያድርጉልኝ› ነው ያለኝ! እንደ ባዳ!»

«ተመሰጋግነን ተለያየን ብለውኝ ነበር» አለ መርማሪው ቀስ ብሎ። «መቼ ነው ያሰናበተዎት?»

ምክትሉ ወንበሩ ላይ ተዘረፈጠና ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ። «ጀርባውን ሲሰጠኝ ነው… ዋንጫው እጄ ላይ ነበር» አለ። ነፍሰ ገዳይ ነው፣ ግን አንጀት ይበላል። እሱና ሥራ አስኪያጁ ግድግዳ ለግድግዳ ተቀምጠው፣ እያንዳንዱ ብቻውን ነበር የኖረው። ካቴናው ገባለት።

አስከሬኑም ወጣ። አሠልጣኙ «በርቺ፣ ልጄ» ብለዋት ሄዱ። ሴትየዋ ቢሮው ውስጥ ቆማ ቀረች። ከእስር ድናለች፤ በዚህ ሁሉ ሕንጻ ውስጥ ግን እንደ እኩያ የሚያወራት አንድ ሰው የላትም።

ጸሐፊዋ በሩን ቆርቁራ ገባች። «ሠራተኛው ምን እናድርግ ይላል። ከእንግዲህ ኃላፊያችን እርስዎ ነዎት።»

«እስቲ መጀመሪያ ቁጭ በይ» አለቻት። «ብቻችንን ስንሆን አንቺ በይኝ። እባክሽ።»

ጸሐፊዋ ደነገጠች። አልተቀመጠችም፤ እጆቿን አጣምራ ትንሽ ጎንበስ አለች።

«እሺ» አለች፣ «እንዳሉኝ አደርጋለሁ።»