ባዶውን ፎልደር የሚከፍተው

እኔ ጠበል ቦታ ሰው ሲጮህ «ነርቭ ነው» ብዬ የማልፍ፣ ቀትር ላይ ወንዝ ዳር አትቀመጥ ሲሉኝ ሆን ብዬ ሄጄ የምቀመጥ ደረቅ ሰው ነበርኩ፣ ስለዚህ ይሄን የማወራህ ላስፈራህ አይደለም፣ ቢጨንቀኝ ነው።

አንድ ለአምስት ተደራጁ በሚባልበት ዘመን ሸዋ ሮቢት አንድ ትንሽ የመስኖ ፕሮጀክት ውስጥ እሠራ ነበር፣ ሦስት ነን፣ እኔ፣ አለቃችን ጋሽ ታደሰ እና የጀውሃው ልጅ ሰይድ። የቀወት ገበሬዎችን የመሬት ደብተር ስካን እያደረግን ክላውድ ላይ እናስቀምጣለን፣ የምንገባው ደግሞ ሦስታችንም በአንድ አካውንትና በአንድ ፓስወርድ ነው፣ እንዲያ ነበር የሚሠራው፣ ምን ታደርገዋለህ።

አንድ ቀን የአንድ ቀበሌ ደብተር በሙሉ ጠፋ፣ ፎልደሩ ባዶውን ቀረ። ምን ነገር መቼ እንደተነካ የሚመዘግበውን ሎግ አወረድኩና በፓይዘን በጻፍኳት አጭር ፕሮግራም አበጠርኩት፣ «ተሰረዘ፣ 8፡15» አለኝ። ስምንት ሰዓት ከሩብ ላይ ቢሮ የነበረው ሰይድ ብቻ ነው። «ወላሂ አልነካሁትም!» አለ፣ እኔን እኔን እያየ። «ማሽን አይዋሽም» አልኩ፣ ምነው አፌን በቆረጠው! ተባረረ። በአራተኛው ወር በጅቡቲ በኩል ዓረብ አገር ሊሻገር ሲል ጀልባዋ ሰጠመች፣ እናቱ አስከሬን እንኳ ሳታገኝ ለቅሶ ተቀመጠች።

ከለቅሶው በኋላ ሎጉን ሳይ፣ አንድ ሰው ያንን ባዶ ፎልደር በየቀኑ 9፡35 ላይ ከራሳችን ቢሮ ይከፍተዋል። በዚያ ሰዓት ኮምፒውተሩ ላይ የምቀመጠው እኔው ነኝ፣ እመነኝ፣ ነክቼው አላውቅም።

አንድ ቀን ምሳ አልበላ አለኝና በሩን ከውስጥ ቆልፌ ቀረሁ፣ የሮቢትን ቀትር ታውቀዋለህ፣ ውሻ እንኳ አይጮህም። መጀመሪያ ከጓሮ የኩስኩስት ውሃ ሲንቆረቆር ሰማሁ፣ ሰይድ ለዙህር ሶላት ኡዱ የሚያደርግበት ቦታ ነው፣ በመስኮት ባይ ማንም የለም፣ መሬቱም ደረቅ ነው። ዞር ስል ከተቆለፈው በር እስከ ሰይድ ወንበር እርጥብ የእግር ዱካ፣ የሚሄድ እንጂ የሚመለስ የለውም። ወንበሩ ሲጥ አለ። «በስመ አብ!» አልኩ፣ እኔ ደረቁ። ፕሮግራሟን አስነሳሁ፣ አዲስ መስመር ወጣ፣ «ተከፈተ፣ 9፡35»። ቀና ብዬ የግድግዳውን ሰዓት አየሁ፣ ስድስት ሰዓት ከሠላሳ አምስት ነው።

ወይኔ ጉዴ! ሎጉ የሚጽፈው በእንግሊዝ አገር ሰዓት ነው፣ ከእኛ አቆጣጠር ላይ ሦስት ሰዓት ጨምሮ ነው የሚያሳየው። ያ 8፡15 ከምሳ በኋላ አልነበረም፣ ጠዋት አምስት ሰዓት ከሩብ ነበር፣ እነሱ መስክ ወጥተው እኔ ብቻዬን፣ ቦታ ጠበበ ብዬ የተደገሙ የመሰሉኝን ፋይሎች ስጠርግ። የሰረዝኩት እኔ ነኝ። ዱካው ሲደርቅ ሲሚንቶው ላይ ነጭ ነገር ቀረ፣ በጣቴ ነክቼ ቀመስኩት፣ ጨው ነው።

በማግስቱ ለእናቱ እነግራለሁ ብዬ ጀውሃ ወረድኩ። እትዬ ፋጡማ እጄን ይዛ አስቀመጠችኝ።

«ልጄ፣ ሰይድ ሊሄድ ሲል ‹አትዘኚ፣ ጓደኛዬ ጎበዝ ነው፣ ማን እንዳጠፋው ይደርስበታል› ብሎኛል» አለችኝ። «ደረስክበት?»

«ገና ነው፣ እትዬ» አልኳት።