ከካባው በር የቀረው ዱላ

ይህ በእውነት የሆነ ነው። ቢሆነኝ የሚባለው አጎቴ ሊሞት ሲል ነው የነገረኝ። ሲነግረኝ ዓይኔን ማየት አልቻለም። ውሸታም ደግሞ ዓይን አይፈራም።

ሐምሌ 1972 ዓ.ም.። ከቀኑ ስድስት ሰዓት። ላስታ ውስጥ፣ ከገነተ ማርያም በታች፣ ለመንገድ ሥራ ድንጋይ በድማሚት የሚፈነዳበት ካባ።

ቢሆነኝ የካባው ደህንነት ተቆጣጣሪ ነበር። ሥራው ዱላ መቁጠር ነው። ሠራተኛው ሲገባ ዱላውን በሩ ላይ ጭቃው ውስጥ ይተክላል፤ ሲወጣ ይነቅላል። ጥሩምባ ተነፍቶ ዱላ ከቀረ፣ ውስጥ ሰው አለ ማለት ነው። ድማሚቱ አይለኮስም።

እሱ ራሱ ወደ ውስጥ ስለማይገባ የራሱን ዱላ ተክሎ አያውቅም።

ያን ቀን ጥሩምባው ተነፋ። ሰዉ ወጣ።

አንድ ዱላ ቀረ...

አናቱ ቆዳ የለበሰ ወይራ። የሠራተኛው የጥሩሰው ነው።

የደርጉ ካድሬ አጠገቡ ቆሞ ሰዓቱን ያያል። መንገዱ ለአብዮት በዓል መድረስ አለበት ተብሏል።

"ባዶ ነው ወይ ጋሼ?" አለ ድማሚት ለኳሹ አብዱልሀሚድ ከወዲያ ማዶ።

'ረስቶት ሄዶ ይሆናል' አለ ቢሆነኝ በሆዱ። የላስታ ሰው ዱላውን ረስቶ እንደማይሄድ ግን አሳምሮ ያውቃል።

ዱላውን ነቅሎ ከጀርባው ደበቀ።

"ባዶ ነው።"

ድማሚቱ ፈነዳ። ጥሩሰው የረሳውን ዲጅኖ ሊያመጣ ተመልሶ ገብቶ ኖሯል፤ እዚያው ሞተ።

ቢሆነኝ ዱላውን ገደል ወረወረው። ሪፖርቱ ላይ "ጥሩምባ ከተነፋ በኋላ በራሱ ጥፋት ገባ" ብሎ ፈረመ። ለጥሩሰው ሚስት ለአልጣሽም ይህንኑ ነገራት። ዱላውን ስትጠይቀው ድንጋይ ሰባበረው አላት።

"እሱ ችኩል አልነበረም" አለች፤ አንገቷን ደፍታ።

ቢሆነኝ አፈረ።

በማግስቱ ሠላሳ ሰው ገባ።

ዱላውን ቆጠረ... ሠላሳ አንድ።

ጥሩምባው ተነፋ። ሁሉም ወጡ፣ ሁሉም ነቀሉ። አንዱ ቀረ። አናቱ ቆዳ የለበሰ።

ሰው ሳያየው ነቀለው። መያዣው ይሞቅ ነበር፤ አሁን ከሰው እጅ የወጣ ይመስል።

ገደል ወረወረው። በነጋታው ተመልሶ ቆሟል። በየቀኑ ይነቅላል፣ በየቀኑ "ባዶ ነው" ይላል። ያን ቃል በተናገረ ቁጥር ራሱን ይጠየፋል።

በአርባው አልጣሽ ጓደኞቹ እንዲቀምሱለት ዳቦ ይዛ መጣች። በሩ ላይ ስትደርስ ቆመች።

"ይሄ የሱ ነው" አለች በሹክሹክታ። "ድንጋይ ሰባበረው አላሉኝም ነበር?"

እውነቱን መናገሪያው ሰዓት ያ ነበር።

"...ተገኘ" አላት።

ስማ ወሰደችው። ቢሆነኝ ተገላገልኩ አለ። በመገላገሉም አፈረ።

በማግስቱ ጥሩምባው ተነፋ። ሠላሳ ሰው ሠላሳ ዱላ ነቀለ። ምንም አልቀረም።

ከዚያ ወደ ካባው ዞር አለ...

ከቋጥኙ ሥር አንድ ሰው ጀርባውን ሰጥቶ አጎንብሷል። መሬቱን በእጁ ይዳብሳል። ዕቃ የጠፋበት ይመስላል።

"ባዶ ነው ወይ ጋሼ?"

ካድሬው ሰዓቱን አየ።

"ሰው አለ" አለ ቢሆነኝ። "ያን ቀንም ነበረ። ዱላውን የነቀልኩት እኔ ነኝ።"

ሁሉም ሰማ።

ሰዎቹ ገብተው ካባውን ፈተሹ። ማንም የለም። ቢሆነኝ በሩ ላይ ጠበቃቸው፤ እግሩን ወደ ውስጥ አላነሳም።

ሲመለሱ አብዱልሀሚድ ክንዱን ያዘው።

"ጋሼ... ያ የማን ነው?"

በሩ ላይ አንድ ዱላ ተተክሏል። ቆዳ የለበሰው አይደለም። ቢሆነኝ እጁን አየ። ባዶ ነው። ከጠዋት ጀምሮ የራሱን ዱላ ከእጁ አላወጣም ነበር።

በዚያው ዕለት ሄዶ አልጣሽ እግር ላይ ወደቀ። አላነሳችውም።

በሩ ላይ የቆመውን የራሱን ዱላ ለመንቀል አልደፈረም። እስኪሞት ያለ ዱላ ኖረ።

አምና ከቀብሩ በኋላ ወደ ካባው ወረድኩ። ሥራው ከቆመ ዓመታት አልፈዋል፤ ሣር ውጦታል። የአጎቴ ዱላ ግን በሩ ላይ እንደተተከለ ነው።

እጄን ዘርግቼ ያዝኩት...

መያዣው ይሞቃል።